ድመት ቤት ውስጥ መሽናት ስትጀምር ምን ማድረግ ይገባል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በኮዬ ፈጬ ድመት የሚያሳድግ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድጋት ለአይጥ ነው፤ መጸዳጃዋም የግቢው አፈር እንደሆነ ስለሚቆጠር ማንም ስለዚያ አያስብም። ችግሩ የሚመጣው አፈሩ ሲጠፋ ነው። ጎረቤት ቤት ሲሠራ በር ላይ የተቆለለው አሸዋ የሰፈሩ ድመቶች ሁሉ የጋራ መጸዳጃ ሆኖ ይከርማል፤ ግንባታው ሲጠናቀቅ አሸዋው ያልቃል፣ ግቢውም በሲሚንቶ ወይም በንጣፍ ድንጋይ ይሸፈናል። ከዚያ ወዲህ ድመቷ በጥፍሯ የምትጭረው ልል ነገር ፍለጋ ወደ ቤት ትገባና የከሰሉን ጆንያ፣ ምንጣፉን፣ የአበባውን አፈር ወይም ለበዓል የተጎዘጎዘውን ቀጤማ ታገኛለች። ሌላው ምክንያት ሌሊቱ ነው። በዳርቻው ሰፈሮች ሲመሽ የግቢ ውሾች ይፈታሉ፣ ጅብም በአጥር ሥር ያልፋል፤ ስለዚህ ድመቷ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ማለዳው 12 ሰዓት ቤት ውስጥ ይዘጋባታል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን የምትሸናበት ቦታ አልተዘጋጀላትም። ብዙ ሰው «ድመት ቂመኛ ናት፣ ስንቆጣት ተበቅላ ትሸናለች» ይላል። ይህ ከእውነቱ የራቀ ነው፤ እንዲያውም የተመታች ድመት መሽናቷን አትተውም፣ ከአልጋ ሥርና ከቁም ሳጥን ጀርባ ተደብቃ መሽናትን ትለምዳለች እንጂ።

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት የተደረገው መሽናት ነው ወይስ ሽንት መርጨት የሚለውን መለየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። የምትሸና ድመት ቁጢጥ ብላ ወለል፣ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ላይ ብዙ ሽንት ታፈሳለች፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ለመሸፈን ትጭራለች። የሚረጭ ድመት ግን አይቀመጥም። ጀርባውን ወደ በሩ ወይም ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ጫፉን ያንቀጠቅጣል፣ በኋላ እግሮቹ ተራ በተራ ወለሉን እየረገጠ ጥቂት ሽንት ወደ ኋላ ይለቃል። ምልክቱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከዚያም በቀጭኑ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ የክልል ምልክት እንጂ የመጸዳጃ ጉዳይ አይደለም፤ በአብዛኛው የሚያደርጉትም ያልተኮላሹ ወንዶች ናቸው፤ ወንድ በሚፈልጉበት ወቅት ሴቶችም ይረጫሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ድመቷ ታማ እንደሆነ ነው። ለወራት በሥርዓት ስትጸዳዳ የኖረች ድመት በድንገት ከለወጠች የፊኛ መቆጣት፣ የሽንት ጠጠር፣ የስኳር ሕመም ወይም በተለይ በዕድሜ ለገፋች ድመት የኩላሊት ሕመም ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ሽንት ላይ ደም መታየት፣ ብዙ ውሃ መጠጣት ወይም ብልትን ደጋግሞ መላስ ይታያል። ከሁሉ አስቸኳይ የሚሆነው ግን የወንድ ድመት ጉዳይ ነው። የወንዱ የሽንት ቱቦ በጣም ጠባብ ስለሆነ በጠጠር ወይም በንፍጥ መሰል ነገር ሊደፈን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ድመቱ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ነገር ግን ጠብታ እንኳ አይወጣውም። ባለቤቱ «ሆዱ ደርቆበት ነው» ብሎ ዘይት ሲያጠጣ ከዋለ አንድ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን በዓል፣ የእንስሳት ሐኪም መፈለግ አለበት። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ሕመም ከሌለ ሥራው የሚጀምረው መጸዳጃ በማዘጋጀት ነው፤ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ፣ ድመቷ ገብታ ልትዞርበት የምትችል ሰፊ ሳፋ ይበቃል፤ ርዝመቱ የድመቷን የሰውነት ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን መልካም ነው። ግልገል ወይም ያረጀች ድመት በቀላሉ እንድትገባ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል። በውስጡ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የተነፋ ደረቅ አሸዋ ይጨመራል። ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራም ሽንት በደንብ ይመጥጣል፣ ሽታም ይቀንሳል፤ ሆኖም አቧራው የበዛ እንዳይሆን፣ በቀለም ወይም በቫርኒሽ ከተቀባ እንጨት የወጣም እንዳይሆን ማረጋገጥ ይገባል። አመድ ብቻውን ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሲረጥብ እግሯ ላይ ይለጠፍና ስትልሰው አፏን ያቃጥላታል። በገበያ የሚሸጠው ሽቶ ያለበት የድመት አሸዋ ለእኛ ቢጥመንም ብዙ ድመቶች ይሸሹታል። ከግቢ አፈር ጋር የኖረች ድመት ወደ ሳፋው እንድትሳብ ከለመደችበት ቦታ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ከላዩ መበተን በጣም ይረዳል።

ሳፋው የሚቀመጥበት ቦታ ከዕቃው የበለጠ ያሳስባል። ምግቧ አጠገብ ከሆነ አትጠቀምበትም። ሕፃናት በሚሯሯጡበት መተላለፊያ ወይም ውሻው በሚያያት በር ሥር ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ግን ሌሊት የማይዘጋ ጥግ ይመረጥ። ቁጥሩ በድመቶቹ ብዛት ላይ አንድ ተጨምሮ ይሰላል፤ ለሁለት ድመት ሦስት ሳፋ ማለት ነው። ይህ በአንዲት ክፍል ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የማይሆን ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን ሁለቱ ድመቶች የሚጣሉ ከሆነ አንዷ ሌላዋን ከሳፋው እየጠበቀች እንደምታባርር ልብ ሊባል ይገባል። ዓይነ ምድሩና የረጠበው ክፍል ለዚሁ ብቻ በተለየ አሮጌ ጭልፋ በየቀኑ ይወጣል፤ አሸዋው ከሳምንት ሳይዘገይ በሙሉ ተቀይሮ ሳፋው በሳሙና ይታጠባል። ነፍሰ ጡር ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትስጥ፤ ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለው በሽታ በድመት ዓይነ ምድር ይተላለፋልና። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ከዓይነ ምድሩ ጋር ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ ማጽዳት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቆሸሸው ቤት እንመለስ። ድመት ወደ አንድ ቦታ ደጋግማ የምትመለሰው ሽታው ስለሚጠራት ነው፤ ዕጣን ቢጨስ ሽታው ከእኛ ይሰወራል እንጂ ከእሷ አይሰወርም። በሽንቷ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ሲያፈርሰው አሞኒያ ይወጣል። በተጨማሪም ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር አለ፤ ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽንት እንዲያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ይህ ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚገኝበት ነው። በብዙ ቤቶች መጀመሪያ እጅ የሚዘረጋው ወደ በረኪና ነው፤ እኔ የምቃወመውም በሁለት ምክንያት ነው። በረኪና ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በላዩ አቼቶ ከተደፋ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፣ ይህም በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሚያጸዳውን ሰው ሳንባ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ በረኪና ቀጥሎ በሚነገረው ሳሙና ውስጥ ያለውን ኢንዛይም፣ ማለትም እድፉን የሚሰባብረውን ንጥረ ነገር፣ ያበላሻል።

ትኩስ ሽንት ሲገኝ በአሮጌ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ እንጂ ማሸት አይገባም፤ ማሸት ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚያ ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም እንዳለበት የተጻፈ የልብስ ዱቄት ሳሙና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ ቦታው በደንብ ይርሳል፤ የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ስለሚገድል አይጠቅምም። ለሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይነሣል፣ ሲደርቅም ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል ይጠረጋል። ምንጣፍ ከሆነ ቀለሙ እንዳይለቅ አስቀድሞ ጥግ ላይ መሞከር፣ አልኮሉንም የቡና ምድጃ በሌለበት መጠቀም ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በባልዲ ማፍሰስ አይቻልምና ሁለት ጨርቅ ይዞ፣ አንዱን ለሳሙናው ሌላውን ለንጹሑ ውሃ፣ ከጀሪካን በጥቂቱ እየቀዱ መሥራት ይበቃል። የቆየው እድፍ የት እንዳለ ካልታወቀ ባለሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ትንሽ ሐምራዊ መብራት ተውሶ ሌሊት መብራት አጥፍቶ መፈለግ ነው፤ የደረቀ ሽንት ብዙውን ጊዜ ደብዘዝ ባለ ቢጫማ ብርሃን ይታያል።

ወለሉ በጭቃ የተለቀለቀ ከሆነ ማጠቡ ሽታውን ወደ ታች ይሰድደዋል፤ የረጠበውን ጭቃ አንድ ሁለት ጣት ያህል ፍቆ አውጥቶ በአዲስ ጭቃ መለቅለቅ ይሻላል። ያልተቀባ የሲሚንቶ ልስንም ሽንት ስለሚመጥ ከታጠበና በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቢቀባ ሽታው ተመልሶ አይወጣም። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ «የዳነ» የመሰለ ቦታ እንደገና ቢሸት አዲስ ሽንት ነው ብሎ ድመቷን ከመቆጣት በፊት እርጥበቱ የቀረውን አሮጌ ሽንት እንዳስነሣው ማጤን ያስፈልጋል። ደጋግማ የሸናችበትን የስፖንጅ ፍራሽ በተመለከተ ብዙ ከመድከም መጣል ይሻላል የሚል አቋም አለኝ። የከሰል ጆንያ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሸናችበት ከሰል ምድጃ ላይ ሲቀጣጠል ሽታው ከቡናው ጋር አብሮ ቤቱን ይሞላል። ጆንያው አፉ ታስሮ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ ጤፍና ዱቄት ክዳን ባለው በርሜል ይሁኑ። ቀጤማ የተጎዘጎዘ ከሆነ ደግሞ በዚያው ምሽት ተጠርጎ ይውጣ።

ድመትን ለማባረር በርበሬ፣ ነጭ ጋዝ፣ ናፍታሊን ወይም ክሪዮሊን የሚረጩ አሉ። ድመት እግሯን ትልሳለችና ሁሉም ይጎዷታል፤ ናፍታሊን፣ ነጭ ጋዝና ክሪዮሊን በቀጥታ መርዝ ናቸው።

የሚረጭ ወንድ ድመትን በተመለከተ ዋናው መፍትሔ ማኮላሸት ነው። ከተኮላሹት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ መርጨቱን ያቆማሉ ወይም በጣም ይቀንሳሉ፤ የሽንቱም ሽታ በጥቂት ሳምንታት ይለዝባል። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ቢሠራ ልማዱ ሳይሰድድ ይቀራል። በወረዳ ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት ከብትና በግ ስለሆነ ድመት የሚያኮላሽ ሐኪም መኖሩን በስልክ አረጋግጦ፣ ድመቱን አየር በሚያስገባ በታሰረ ካርቶን ይዞ መሄድ ድካም ይቆጥባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉ ውስጥ አሸዋ እንዳይገባ ሳፋው ውስጥ ለጥቂት ቀናት የተቀደደ ወረቀት ይደረግ።

የሚረጨው የሰፈር አውራ ድመት ከሆነስ? በር ላይ የተኮለኮሉ ጫማዎች ወደ ውስጥ ይግቡ፣ የምግብ ትራፊ ውጭ አይደር፣ በሩና የበሩ ደፍም ከውጭ በኩል ከላይ በተባለው ሳሙና ይታጠቡ። የቤቷ ድመት እሱን በመስኮት እያየች የምትረጭ ከሆነ የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል በመጋረጃ መከለል ይጠቅማል። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ገብተው ኮርኒስ ላይ የሚሸኑ ድመቶች ካሉ ክፍተቱ በሽቦ መረብ ይዘጋል፤ ነገር ግን ግልገል ውስጥ እንዳይቀር አስቀድሞ ቀዳዳው ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ ወትፎ ሁለት ሦስት ቀን ሳይነካ መቆየቱን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ልጨምር። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ቤተሰቡ በሁዳዴ 55 ቀናት ሲጾም እሷንም በሽሮ ፍትፍት ማስጾም ሁለት ጉዳት አለው። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ያጠፋል፤ በእህል ላይ የተመሠረተ ምግብም ሽንቷን አልካላይን (አሲድነቱ የቀነሰ) ስለሚያደርገው ስትሩቫይት ለተባለው ጠጠር ያጋልጣታል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ያለ ቅመም የበሰለ ሥጋ ወይም ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ ከሌላ ሥጋ ጋር ተቀቅሎ ቢሰጣት ይሻላል። ውሃም ከምግቧ ራቅ ብሎ ሁልጊዜ ይኑር፤ ፈረቃው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚረሳው የእሷ ሳህን ነው።

ሳፋውን እንድትለምድ መጀመሪያ ማታ ማታ ሳፋው ካለበት አንድ ክፍል ውስጥ እንድታድር ማድረግ፣ ስትጠቀምበትም ወዲያው ትንሽ ሥጋ መስጠት ነው። አንድን ጥግ አልለቅ ካለች ሳፋውን እዚያው ጥግ ላይ ማኖር ይቻላል። ለሁለት ሦስት ሳምንታት ሳትሳሳት ከተጠቀመችበት በኋላ ወደሚፈለገው ቦታ በቀን ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት ይገፋል፤ መሳሳት ከጀመረች ወደ ትናንትናው ቦታ ይመለሳል።