ቃሉ ከአፍ እንዲወጣ፦ ከኮዬ ፈጬ የቃል አያያዝ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ወተትና ቅቤ ይዘው የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ኦሮምኛ ለመልመድ የተነሳሁት ከእሳቸው ጋር በምልክት መግባባት ስለሰለቸኝ ነው።

መጀመሪያ ማታ ማታ አርባ ቃል ደብተር ላይ እየገለበጥኩ አነብ ነበር። ስተኛ ሁሉንም የያዝኩት ይመስለኛል። ጠዋት ጆግ ይዤ ስቆም ግን «ቅቤ» እንኳን አልመጣ ይለኛል። ተጽፎ ሳየው አውቀዋለሁ፤ ሳላየው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን ቀንሱ። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ጨብጦ የሚይዘው አራት ያህል ነገር ብቻ ነው። እኔም ይህን ካወቅኩ ወዲህ በቀን ከአራት ቃል አልፌ አላውቅም።

ከዚያ ድምፁን በደንብ ያዙ። አዲስ ቃል ሥር ከመስደዱ በፊት ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ውስጣችን ይመላለሳል። እዚያ ላይ ከተበላሸ ትርጉሙ የሚይዘው ነገር አይኖረውም። ቅቤ «ዸዻ» ነው። «ዸ» አማርኛ ውስጥ የለም፤ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። እኔ «ደዳ» ብዬ ስለያዝኩት ነበር የሚያመልጠኝ።

ከምታውቁት ነገር ጋርም እሰሩት። የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ የሚጣራው ቱሉ ዲምቱ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቀይ ሽንኩርት «ቁሉቢ ዲማ» መሆኑን ደግሜ አልጠየቅኩም። «ለገ» ወንዝ ነው፤ ለገጣፎን አስቡ። (ለገሃር ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ እንዳያምታታችሁ።)

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ደብተሩን ዝጉና ቃሉን ራሳችሁ አውጡት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ጽሑፍ አስጠንተው ፈተኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ትግሉ ነው ቃሉን የሚያጠብቀው።

እማማ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ቃል ሲጠፋኝ ቶሎ አይነግሩኝም። የኮባ ቅጠሉን ከቅቤው ላይ ገለጥ ያደርጉና ዝም ብለው ያዩኛል። ወረፋ የያዘ ሰው ቢኖርም ይጠብቁኛል። ጨርሶ ሲያቅተኝ ብቻ «ዸ...» ብለው መነሻውን ይሰጡኛል። ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ። እንዲህ የሚታገሳችሁ ሰው ፈልጉ፤ ከየትኛውም አፕ ይበልጣል።

መቼ መጠየቅ? ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ ይዘገያል። ስለዚህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት፣ በማግስቱ ጠዋት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ ራሳችሁን ጠይቁ። ለጥናት ብላችሁ አታምሹ። እንቅልፍ ላይ ነው አዲሱ ቃል ከነባሮቹ ጋር የሚላመደው።

እኔ አራቱን ቃላት በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ሳልቸገር የመጣልኝን እሰርዘዋለሁ። «ዸዻ» ባለፈው ወር ተሰረዘ። አሁን የሚያስቸግረኝ «ሶጊዳ» ነው፣ ጨው። ነገ ጠዋት እማማ ይጠይቁኛል።