ኤድንብራ ውስጥ የአንድ ወርቅ አንጥረኛን ዱካ በግማሽ ቀን ለመከተል

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ከሄዳችሁ ዓለቱ ላይ የተቀመጠውን ግንብ ማየታችሁ አይቀርም። ከዚያ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ግን የጆርጅ ሄሪየትን ዱካ ተከተሉ። ትኬት አያስፈልግም። ጥሩ ጫማና የዝናብ ጃኬት ያዙ፤ ጃንጥላውን ተዉት፣ የዚያ አገር ንፋስ ይገለብጠዋል።

ከሴንት ጃይልስ ካቴድራል ጀምሩ። ሄሪየት በ1563 የተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ አባቱም ወርቅ አንጥረኛ የነበሩ የከተማው ልጅ ነው። ሱቁ እዚሁ ካቴድራሉ ጥግ ነበረች። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ብትሆን ነው፣ የአርከበ ሱቅ ሳይሻል አይቀርም። አትፈልጓት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈርሳለች። ግን ግድግዳው ጋ ትንሽ ቆም በሉ። ከዚህች ጉሮኖ ተነስቶ ነው በ1597 የንግሥት አን፣ በ1601 ደግሞ የባሏ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ወርቅ አንጥረኛ የሆነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሰውዬውን ሀብታም ያደረገው መዶሻው ብቻ አይደለም። ንግሥቲቱ ጌጥ አትጠግብም ነበር፣ ጥሬ ገንዘብ ግን ያጥራታል፤ ስለዚህ በዱቤ ትወስዳለች፣ ሲቸግራት ደግሞ ያንኑ ጌጥ መልሳ እሱው ጋ አስይዛ ትበደራለች፣ ወለዱም ይቆጠራል። በ1603 ጄምስ የእንግሊዝን ዘውድ ደርቦ ለንደን ሲገባ ሄሪየትም ተከተለ። ባለዕዳው ሲሄድ አበዳሪው ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል? ንጉሡ "ጂንግሊን ጆርዲ" ይለው ነበር ይባላል፣ ኪሱ የሚንቃጨል ጆርዲ እንደማለት።

ቀጥሎ ወደ ግሬይፍራየርስ መቃብር ቦታ ሂዱ፣ በእግር ቅርብ ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ደጅ ያለችውን የውሻ ሐውልት ከቦ ፎቶ ሲነሳ ታገኙታላችሁ፤ እናንተ ወደ ውስጥ ዝለቁ። የሄሪየት ስም ያለበት መቃብር ብታዩ እንዳትሸወዱ፣ የአባትየው ነው። ልጅየው በ1624 ለንደን ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ከመቃብሮቹ ባሻገር ማማዎቹ ብቅ ብለው የሚታዩት ትልቅ ሕንፃ ግን የእሱ ነው።

ከጋብቻ የተወለደ ልጅ አልተረፈለትም። ከ23,000 ፓውንድ በላይ አባት ለሌላቸው የከተማው ድሃ ልጆች ማሳደጊያ ተናዘዘ። ግንባታው በ1628 ተጀመረ። ከዚያ ጦርነት መጣና የእንግሊዙ የጦር መሪ የክሮምዌል ወታደሮች ቁስለኞቻቸውን አስተኙበት። የመጀመሪያዎቹ 30 ልጆች የገቡት በ1659 ነው፣ ሰውዬው ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ!

ዛሬም ትምህርት ቤት ስለሆነ ዘው ብላችሁ አትግቡ፤ ሎሪስተን ፕሌስ ላይ ካለው በር በደንብ ይታያል። ግቢው ለጎብኚ በተከፈተበት ቀን ከደረሳችሁ ግን የሄሪየትን ሐውልት ሳታዩ አትውጡ። ሥሩ በላቲን የተጻፈው "ይህ የአካሌ፣ ይህ ሕንፃ የነፍሴ መልክ ነው" እንደማለት ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሰኔ (ጁን) ላይ ሐውልቱን በአበባ ያስጌጡታል። እኔን ቅር የሚለኝ፣ ለድሃ አደግ የተሠራው ቤት አሁን ዳጎስ ያለ ክፍያ የሚጠይቅ የግል ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። ላለመዋሸት ግን፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች በነፃ ማስተማሩን አልተወም።

ጉልበት ካላችሁ ወደ ኒው ታውን ተሻገሩ። የኑዛዜውን አደራ የተቀበሉት ሰዎች ገንዘቡን ከከተማው ውጭ መሬት ገዝተውበት ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከተማው ወደ ሰሜን ሲሰፋ ያ መሬት ወርቅ ሆነ። ሄሪየት ሮው የሚባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በ1885 ከድሮ የሙያ ትምህርት ቤት ጋር ተዳብሎ ሄሪየት-ዋት ኮሌጅ የሆነውም የእሱ ውርስ ነው፣ በ1966 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ካምፓሱ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ለዚህ ብላችሁ አትድከሙ። ሄሪየት ሮው ፊት ለፊት ያለው አትክልት ስፍራም ቁልፍ ላላቸው ብቻ ነው የሚከፈተው፤ አጥሩን ይዛችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ ቡና ቤት አታጡም።