ስንቱ ይታጠብ፣ ስንቱ በጀንፈል ይድረቅ? የእሸት ቡና ድልድልን በማትፕሮግ መፍታት

ቀይ እሸት መግባት ሲጀምር በጅማ ዞን ማጠቢያ ጣቢያዎች ውስጥ ሥራ አስኪያጁ በየዙሩ የሚወስነው ነገር አለ፦ ከገባው እሸት ስንቱ ይታጠብ፣ ስንቱ ከነገለፈቱ ደርቆ ጀንፈል ይሁን? ይህን በግምት መወሰን ብር ያባክናል። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም በተወሰኑ ገደቦች ውስጥ ከፍተኛውን ትርፍ የሚፈልግ የሒሳብ ዘዴ፣ መልሱን በደቂቃ ይሰጣል።

መሣሪያው ጂኤልፒኬ (GLPK) የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ በነጻ ይጫናል። ሞዴሉ የሚጻፍበት ቋንቋ ማትፕሮግ (MathProg) ኤኤምፒኤል (AMPL) የሚባለው የሞዴል መጻፊያ ቋንቋ ክፍል ስለሆነ የለመዳችሁት እዚያም ይሠራል።

አጋሮ አካባቢ ያለ አንድ ጣቢያ እናስብ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩ። በ20 ቀን 120 ኩንታል እሸት ይገባል። የማድረቂያ አልጋው 500 ካሬ ሜትር ነው፣ ማለትም በ20 ቀን 10000 ካሬ-ቀን (ካሬ ሜትር በቀን ተባዝቶ)። አንድ ኩንታል እሸት ሲታጠብ ገለፈቱ ስለሚወጣና ቶሎ ስለሚደርቅ 50 ካሬ-ቀን ይይዛል፤ ጀንፈል ግን 150። ጉልበቱ ለታጠበው 2 የሰው-ቀን፣ ለጀንፈል 1፤ ያለው 180 ነው። መደበኛው ደመወዝ ከተቀነሰ በኋላ ትርፉ በኩንታል 1500 እና 1200 ብር ነው። ታ የሚታጠበው፣ ጀ ጀንፈሉ ይሁኑ፦

ትርፍ፦ 1500ታ + 1200ጀ (ከፍተኛ ይሁን)
እሸት፦ ታ + ጀ ≤ 120
አልጋ፦ 50ታ + 150ጀ ≤ 10000
ጉልበት፦ 2ታ + ጀ ≤ 180

ፋይሉን ስትጽፉ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሴት (የአሠራር ዓይነቶቹ)፣ ከዚያ ፓራም (ቁጥሮቹ)፣ ከዚያ ቫር (የሚፈለገው መጠን)፣ ቀጥሎ ማክሲማይዝ፣ ገደቦቹ፣ ሶልቭ፣ ዳታ፣ ኢንድ። ቁልፍ ቃላቱ በትንንሽ የላቲን ፊደል ይጻፋሉ (set፣ param፣ var፣ maximize፣ solve፣ data፣ end)። ቁጥሮቹን ከቀመሩ ጋር አትደባልቁ፤ ዳታ ከሚለው በታች ይቀመጡ። ያኔ በሚቀጥለው ዙር ቀመሩን ሳትነኩ ቁጥር ብቻ ትቀይራላችሁ።

ጀማሪን የሚያስቸግሩት ስህተቶች ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝና ነጥብ (;) ካልተዘጋ ፕሮግራሙ ስህተቱን የሚያሳየው በሚቀጥለው መስመር ላይ ነው፤ እናንተ ግን ከዚያ በላይ ያለውን ተመልከቱ። 10000ን በሺህ መለያ ሰረዝ አትጻፉ። ቫር ላይ «ከዜሮ አያንስም» ካላላችሁ አሉታዊ ኩንታል ሊመጣ ይችላል። ኪሎና ኩንታል ከተቀላቀሉ ግን ፕሮግራሙ ዝም ይላል፤ መልሱ ብቻ ይበላሻል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቁጥር መለኪያ ከጎኑ በማስታወሻ ጻፉ።

ሞዴሉን የሚፈታውን የጂኤልፒኬ ትእዛዝ፣ ጂኤልፒሶልን (glpsol)፣ ስታስኬዱት ታ 68፣ ጀ 44፣ ትርፍ 154800 ብር ይወጣል። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። ዋናው ጥቅም ግን በውጤቱ ፋይል ውስጥ ማርጅናል (Marginal) የሚለው ዓምድ ነው፤ ገደቡ በአንድ ቢጨምር ትርፉ በስንት ብር እንደሚጨምር ያሳያል። ለእሸት ባዶ ነው፤ 8 ኩንታል ስለተረፈ ተጨማሪ እሸት መግዛት ምንም አይጨምርም። ለአልጋ 3.6፣ ለጉልበት 660 ነው። አንድ ተጨማሪ የሰው-ቀን 660 ብር ያመጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመደበኛው ደመወዝ በላይ እስከዚያ ድረስ ብትከፍሉም አትከስሩም። ይህ የሚሠራው ጉልበቱ 200 እስኪደርስ ብቻ ነው። በ200 ላይ ታ 80፣ ጀ 40 ይሆንና እሸቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የአንድ የሰው-ቀን ዋጋ ወደ 300 ብር ይወርዳል።

አሁን ውል ጨምሩ፦ ቢያንስ 60 ታጥቦ፣ ቢያንስ 50 ጀንፈል። ፕሮግራሙ መፍትሔ የለም ይላል፤ ለአልጋው 10500 ካሬ-ቀን ያስፈልጋልና። ስንት እንደሚጎድል ለማወቅ ጉድለት የሚባል አዲስ ቫር ከጀ ጋር ደምሩ፣ ድምሩ ከ50 አይነስ በሉ፣ ትርፉ ላይም እያንዳንዱን የጉድለት ኩንታል በ100000 ብር ቅጡ። ውጤቱ 3.33 ኩንታል ጀንፈል እንደሚጎድል ያሳያል፤ ይህም 500 ካሬ-ቀን ነው፣ ለ20 ቀን 25 ካሬ ሜትር ተጨማሪ አልጋ።