በኦሽን ሲቲ የባሕር ዳርቻ ቤት ለቤተሰብ ዕረፍት በአቅም እንዴት እንደሚከራዩ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለምንኖር ቤተሰቦች በቀላሉ ከሚደረስባቸው የውቅያኖስ ዳርቻ ከተሞች አንዷ በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ የምትገኘው ኦሽን ሲቲ ናት። ከዲሲ 150 ማይል ያህል ስለምትርቅ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በሦስት ሰዓት ገደማ ይገባል። ብዙዎቻችን ግን ለአንድ ሌሊት የሆቴል ክፍል ይዘን፣ ልጆቹን ሁለት አልጋ ላይ አጨናንቀን፣ ቁርስም ምሳም እራትም ምግብ ቤት ከፍለን እንመለሳለን። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ ወጥ ቤት ያለው ሰፊ ቤት ለሳምንት ቢከራይ፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት የሚደርሰው ወጪ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው።

ቤት ከመፈለግዎ በፊት ሳምንቱን ይምረጡ፤ ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው እርሱ ነውና። ውዱ ወቅት በሜይ መጨረሻ ከሚውለው ሜሞሪያል ዴይ በሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከሚውለው ሌበር ዴይ ያለው ሲሆን፣ ጁላይና የኦገስት መጀመሪያ ደግሞ ይብሳሉ። ልጆችዎ ለትምህርት ካልደረሱ ከሌበር ዴይ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እመክራለሁ። ኪራዩ ይወርዳል፣ ዳርቻው ጸጥ ይላል፣ ውሃውም ሰመሩን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ገና አልቀዘቀዘም፤ እንቁጣጣሽም እዚያው ላይ ይውላል። ተማሪ ያላችሁ ግን ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በጁን ሁለተኛ አጋማሽ ብትሄዱ ይሻላል፤ ውሃው ቀዝቀዝ ቢልም ልጆች ግድ የላቸውም። እናት አባት አብረው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ቀኑን አስቀድመው ይጠይቋቸው። በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ባለው ጊዜ፣ ቅዳሴ ማስቀደስን ከየትኛውም ዕረፍት የሚያስበልጡ እናቶች ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ ከቤቱ ፍለጋ ይልቅ ይከብዳል። ይሉኝታ ይዞን ማን ስንት እንደሚከፍል ሳንነጋገር እንሄዳለን፤ ከዚያ አንዱ ወንድም ካርዱን አስመዝግቦ ሙሉውን ይከፍላል፣ ሌላው «ስንት ደረሰብኝ?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል፣ ከፋዩም ለመናገር ያፍራል፣ ቅሬታውም ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ስለዚህ ቤቱ ከመያዙ በፊት ሁሉም በስልክ ይገናኝና ሂሳቡ በግልጽ ይነገር። ለምሳሌ የሳምንቱ ኪራይ 3,000 ዶላር ነው እንበል፤ የጽዳት፣ የአገልግሎትና የግብር ክፍያ ተጨምሮ 3,900 ቢደርስ ለሦስት ቤተሰብ 1,300 ዶላር፣ ለአንድ ሌሊት ደግሞ 186 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እህት አምስት ሆኖ ከሚመጣ ቤተሰብ ጋር እኩል ትክፈል ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ በመኝታ ክፍል ቁጥር መካፈሉ የበለጠ ያስማማል። ገንዘቡ ተሰብስቦ ካላለቀም ማንም ካርዱን ባያወጣ ይመረጣል።

አሁን ቤት ይፈልጉ። ከተማዋ ረጅምና ቀጭን ናት። በአንድ በኩል ውቅያኖስ፣ በሌላው በኩል የተረጋጋ የባሕር ወሽመጥ አላት፤ የመንገዶቿም ቁጥር ከደቡብ ጀምሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደላዌር ድንበር ሲሄዱ እያደገ ከ140 ያልፋል። ከውቅያኖሱ ፊት ለፊት ያለው ቤት ውድ ነው። በወሽመጡ በኩል ያለው ረከስ ይላል፤ ይሁንና ወደ ውቅያኖሱ ለመሄድ ከሕፃናት ጋር ሰፊውን ኮስታል ሀይዌይ መሻገር ስለሚያስፈልግ፣ የእግር መንገዱን በካርታ ላይ ሳያዩ አይወስኑ። የባሕር ዳርቻ ቤቶች ብዙዎቹ ጎርፍን በመፍራት በምሰሶ ላይ ከፍ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋውያን ካሉ ደረጃው ስንት እንደሆነና አሳንሰር እንዳለ ይጠይቁ። ወደ ዳርቻው መግቢያ አለመከፈሉም ለዚህች ከተማ ትልቅ ብልጫ ነው፤ በብዙዎቹ የኒው ጀርዚ ዳርቻዎች ግን በሰመር ለእያንዳንዱ አዋቂ የመግቢያ መለያ ይገዛል።

ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት አከራዮች የግዴታ ክፍያዎችን የሚያካትተውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለባቸው፤ ግብር ግን በኋላ ሊጨመር ይችላል። ዋጋው ከጎረቤቶቹ እጅግ ያነሰ፣ ባለቤቱም ቤቱን ካገኙበት የኪራይ ድረ ገጽ ውጭ በባንክ ዝውውር ወይም በስልክ ገንዘብ በሚላክበት በዜል እንዲከፍሉት የሚያጣድፍ ከሆነ ይተዉት። ከተማዋ ለአከራዮች ፈቃድ ትሰጣለችና የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቁ።

ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ። ማስያዣው ስንት ነው፣ መቼስ ይመለሳል? አውሎ ነፋስ መጥቶ ከተማው ልቀቁ ቢል ገንዘብዎ ምን ይሆናል? የሰው ቁጥር ገደቡ ሕፃናትን ይጨምራል? በሳምንት የሚከራዩ ቤቶች ብዙዎቹ አንሶላና ፎጣ አያቀርቡም። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ይህን መስመር ዘለልነው፤ ቅዳሜ ማታ ስንደርስ አልጋዎቹ ላይ ባዶ ፍራሽ ብቻ ነበር። ልጆቹን በእናቴ ጋቢና በነጠላዎች ጠቅልለን አስተኛን፤ በማግስቱ አንሶላ ፍለጋ ግማሽ ቀን አለፈ።

ስለ ቡናም ላሳስብ። ዕጣንና የቡና ቁላት የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፤ ሽታው ቤቱ ውስጥ ከቀረም አከራዩ ከማስያዣው ሊቆርጥ ይችላል። ከሰል ደግሞ በእንጨት በረንዳ ላይ አደገኛ ስለሆነ በብዙ ውሎች የተከለከለ ነው። ቡናውን ቤትዎ ቆልተውና ፈጭተው ይውሰዱ፣ ጀበናውን በምድጃው ላይ ያፍሉ፤ ረከቦቱ ግን አይቅር። እንጀራ ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ ከውጭ ያኑሩ፣ የቀረውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡ፤ የባሕር አየር እርጥብ በመሆኑ ቶሎ ይሻግታል።

በሰመር የሳምንት ኪራይ ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ የቼሳፒክ ድልድይ በዚያ ቀን ይጨናነቃል፤ ከንጋት በፊት ይነሱ።

ልጆች የሚዋኙት ሕይወት አዳኞች በተቀመጡበት ሰዓትና ስፍራ ብቻ ይሁን። ውሃው ወደ ውስጥ የሚጎትተው ሰው ፊት ለፊት ከታገለ ይደክማል፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን እየዋኘ ከሚጎትተው ውሃ ከወጣ በኋላ ነው ወደ መሬት የሚመለሰው። ይህን ለትልልቆቹ ልጆች እግራቸው ውሃ ሳይነካ ያስረዷቸው።

የመግቢያውና የመውጫው ዕለት እያንዳንዱን ክፍል በስልክዎ በቪዲዮ ይቅረጹ። ቆሻሻውን ያውጡ፣ ዕቃውን ይጠቡ፣ ቁልፉን በተባለው ስፍራ ይመልሱ፤ ማስያዣው ሲመለስም ለሦስቱ ቤተሰብ በዚያው ቀን ያካፍሉ።