ፓርቮ በነበረበት ግቢ ቡችላ ለማስገባት ያደረግነው ዝግጅት

ከእኛ በፊት ግቢውን ተከራይተው የነበሩት ሰዎች ቡችላቸው ፓርቮ በሚባለው ቡችሎችን በሚገድል ተላላፊ የአንጀት በሽታ እንደሞተባቸው ጎረቤት ስለነገረን፣ ዝግጅታችንን ከሥሩ መቀየር ነበረብን። የዚህ በሽታ ቫይረስ ከእንስሳው አካል ውጭ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። በረኪና ቆሻሻ ባለበት ኃይሉ ስለሚደክም፣ የሲሚንቶውን በረንዳ በመጀመሪያ በኦሞ ፈትገን አጠብን፤ ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጠን አፈሰስንበትና ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይደርቅ አቆየነው። አፈሩን ግን በዚህ መንገድ ማጽዳት ስለማይቻል፣ ጓሮውን በአሮጌ ቆርቆሮ ከልለን ቡችላው ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ በረንዳው ላይ ብቻ እንዲውል አደረግን።

ለቡችላው የያዝነው ገንዘብ ለሁሉም ወጪ አይበቃም ነበር፤ ይህ የበጀት ችግር የተፈታው የወጪውን ቅደም ተከተል በመገልበጥ ነው። የፓርቮ ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት ገደማ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ስለሚደጋገም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የትል መድኃኒትም ስለሚጨመሩበት፣ ለውሻ ቤት የያዝነውን ገንዘብ ወደዚያ አዛወርነው። ቤቱንማ ከተራረፈ ጣውላ ራሳችን ሠራነው፤ ውበት የለውም፣ ዝናብ ግን አያስገባም። በወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ውሻን ስለሚመርዝ ትርፍራፊ መስጠት ቁጠባ ሊባል አይችልም። ስለዚህ በከረጢት የሚሸጠውን የቡችላ ምግብ ዋና አድርገን፣ እንዲበረክት ጥቂት የተቀቀለ ሩዝ እንቀላቅልበታለን።