የአየርላንድ ቤተሰብ ማዕረግ ከማን ወደ ማን እንደወረደ ማጣራት

ሐረር ላይ «ደጃዝማች» ወይም «ራስ» ሹመት ነው፤ ተፈሪ መኰንንም የራስ መኰንን ልጅ ቢሆኑም ደጃዝማችነቱን ያገኙት ተሹመው ነው። የአየርላንድ የመኳንንት ማዕረግ ግን በደም ይወርዳል። ስለዚህ የዘር ሐረግ ከመሳላችሁ በፊት ማዕረጉ የተሰጠበትን የንጉሥ ደብዳቤ ፈልጉና ወራሹ ማን እንደሆነ የሚናገረውን ቃል አንብቡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኦብራየን ቤተሰብን እንውሰድ። በ1543 ሄንሪ 8ኛ ለሙሮ ኦብራየን ሁለት ማዕረግ ሰጡት። የቶመንድ ኧርልነት (ኧርል ከባሮን ከፍ ያለ ማዕረግ ነው) የዕድሜ ልኩ ብቻ ሆኖ ለወንድሙ ልጅ ለዶኖ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ የኢንቺክዊን ባሮንነት ግን ለራሱ ወንድ ዘር ሆነ። ሁለቱን በአንድ መስመር የሳለ ሰው ከመጀመሪያው ትውልድ ይሳሳታል። ከ1543 በፊት ደግሞ የበኩር ልጅ አትፈልጉ፤ የጎሳው አለቃ ከዘመዳሞቹ መካከል ይመረጥ ነበር።

ለእያንዳንዱ ማዕረግ የየራሱን ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ስም፣ ልደት፣ ሞት፣ ወንዶች ልጆች፣ ተራ ቁጥር (ስንተኛው ባለማዕረግ እንደሆነ)። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን ሐረር በገባበት በ1855 የቶመንድ ማርኲስ (ማርኲስ ከኧርል ከፍ ያለ ማዕረግ ነው) ያለ ወንድ ልጅ ሞተ፤ ማርኲስነቱ ጠፋ፣ የኢንቺክዊን ባሮንነቱ ግን ለሩቅ ዘመዱ ለሰር ሉሲየስ ደረሰ፤ የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት ይህን ያጸደቀው በ1862 ነው። እሱ 13ኛው ባሮንም 5ኛው ባሮኔትም (ከባሮን በታች ያለ ሌላ የሚወረስ ማዕረግ) ስለሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሁለት ሰው ያደርገዋል።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። በአየርላንድ እስከ 1751 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው በማርች 25 ነበር። አባት «ፌብሩዋሪ 1700» ሞተ ተብሎ ተጽፎ «ኦክቶበር 1700» የፈረመው ውል ቢገኝ ስህተት አይደለም፤ የሞተው በዛሬው አቆጣጠር በ1701 ነው።

የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራዎች ከድሬዳዋም በስልክ በነፃ ይታያሉ። የልደትና የሞት ምዝገባ ከ1864 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ያለው ብዙ መዝገብ በ1922 ደብሊን ውስጥ ተቃጥሏል፤ ከ1708 የጀመረው የመሬት ውሎች መዝገብ ግን ተርፏልና ለቀድሞው ዘመን እሱን ያዙ።

የጎሳ አለቃነት ሌላ ጉዳይ ነው። የአየርላንድ መንግሥት አለቆችን ማወቅ የጀመረው በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ለ«ማካርቲ ሞር» (የማካርቲ ጎሳ አለቃ መጠሪያ) የሰጠውን ዕውቅና በ1999 ሰረዘ፣ አሠራሩንም በ2003 አቆመ። «በመንግሥት የታወቀ አለቃ» የሚል ወረቀት ካያችሁ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎም ኋላ መሰረዝ አለመሰረዙን ተመልከቱ።