ድመታችሁ እርጥቡን ምግብ አሽትታ ጥላው ከሄደች

ደረቅ ምግብ ብቻ ስትበላ የኖረች ድመት የታሸገ እርጥብ ምግብ ሲቀርብላት አሽትታ ዞር ትላለች። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምግቡ ሳይሆን የፍሪጁ ነው። ድመት ምግብ የምትመርጠው ከምላሷ ይልቅ በአፍንጫዋ ነው፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ሽታውን ያፍነዋል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም) ጨምሩበትና በሹካ እያደቀቃችሁ አማስሉት። በጣት ሲነካ ለብ ካለ፣ ማለትም ወደ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ በቃ። በማይክሮዌቭ ከሆነ ከቆርቆሮው አውጡትና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ አሙቁት፤ አንዳንድ ቦታው ብቻ ሊፋጅ ስለሚችል ሳታማስሉ አታቅርቡ። ውሃው ራሱ ትርፍ ነው፦ ደረቅ ምግብ ውስጥ 10 በመቶ ገደማ ውሃ ነው ያለው፣ እርጥቡ ውስጥ ግን 75 በመቶ አካባቢ። ድመት ደግሞ በተፈጥሮዋ ቶሎ ውሃ አይጠማትም።

በውሃው ፋንታ የቤት መረቅ እንዳትጨምሩ። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋል።

ቅያሬውን ከ7 እስከ 10 ቀን አዳርሱት፤ መጀመሪያ ሩቡ አዲስ፣ የቀረው የለመደችው ይሁን። በአንዴ መቀየር ተቅማጥ ያመጣል። ሐኪም ልዩ ምግብ ያዘዘላት ከሆነ ግን ሳትጠይቁ ምንም አትለውጡ።

«ሲርባት ትበላዋለች» ብሎ ማስራብ ከድመት ጋር አይሆንም። በተለይ ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ከጾመች ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ ካልቀመሰች የድሮ ምግቧን መልሱላት፤ እሱንም እምቢ ካለች ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።